ከሻወር በር ስር እንጉዳይ ሲበቅል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ሐዋሳ ላይ እርጥበት ሁሉ በሐይቁ ይመካኛል። ግድግዳ ሲላጥ ሐይቁ፣ ቁምሳጥን ሲሸት ሐይቁ። ቤት ውስጥ እንጉዳይ ከበቀለ ግን መጀመሪያ ቧንቧችሁን ጠርጥሩ። የምታዩት ፍሬውን ነው። ዋናው አካሉ እንጨቱ ውስጥ የተሰራጨ ነጭ ክር ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ደግሞ አይበሰብስም። እንጉዳይ ካለ ውሃ አለ ማለት ነው።

የመቃን ግርጌ

አብዛኛውን ጊዜ ለጥገና የምጠራው ለዚህ ነው። ማታ ምንም አልነበረም፤ ጠዋት በመቃኑና በሴራሚኩ መሃል ግራጫ ቆብ ያላቸው ቀጫጭን እንጉዳዮች ቆመዋል። ብዙም ሳይቆዩ ይሟሙና ጥቁር ፈሳሽ ወለሉ ላይ ያንጠባጥባሉ። ባለቤቱ ይነቅላል፣ በረኪና ያፈሳል፣ እነሱም ተመልሰው ይመጣሉ። በረኪና ላዩን ብቻ ነው የሚያጸዳው። እንጨቱ ውስጥ የሚገባው ውሃው ነው፤ እሱ ደግሞ ለእንጉዳዩ ሲሳይ ነው።

መንስኤው ወይ የተቀበረ ቧንቧ ነው ወይ የሻወሩ ወለል። ለመለየት ቧንቧውን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። ከዞረ ቧንቧው ያፈሳል። ውሃችሁ ከሮቶ የሚመጣ ከሆነ ግን ቆጣሪው አይነግራችሁም፤ የሮቶውን መግቢያ ዝጉ፣ ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉና እደሩ። ከቀነሰ አገኛችሁት። ካልቀነሰ የሴራሚኩን መጋጠሚያ ፈትሹ፤ ነጭ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ ውሃው ወደ መቃኑ እየሄደ ነው።

አቶቴ አካባቢ አንድ ቤት ቀለም ቀቢው እንጉዳዩን ቆርጦ መቃኑን በዘይት ቀለም ደፍኖት ሄዷል። እርጥበቱን አፈነው። ካቻቢቴ ስሰካበት እስከ እጀታው ገባ። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ እንደ ራሰ ዳቦ ይፈረፈራል። ግድግዳውን ስንከፍት ፊቲንጉ፣ ማለትም የቧንቧው መገጣጠሚያ፣ ውሃ እንዳያሾልክ ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለው ቴፍሎን ሳይኖረው በእጅ ብቻ ጠብቆ ተቀብሯል። ለአንዲት ጥቅል ቴፍሎን ብለው! ሌላ ቤት ደግሞ ገበያ ላይ የሞላው ያ ርካሽ ፊቲንግ ነበር፤ ጥርሱ ላይ ተሰንጥቆ በዝምታ ያለቅሳል።

መጀመሪያ ውሃውን አቁሙ። ከዚያ የበሰበሰውን እንጨት፣ ጤነኛ ከሚመስለውም አንድ ክንድ ያህል ጨምራችሁ ቆርጣችሁ አውጡ። ስትቆርጡ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ አስም ያለበት ሰው ከቤት ይውጣ። ግድግዳው ይድረቅ። ላስቲክ በፕላስተር ዙሪያውን ለጥፋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከውስጥ ጠብታ ካለ አልደረቀም። ካልደረቀ አትቀቡ። እንግዳ ይመጣል ብላችሁም አትቀቡ። አዲሱ መቃን አልሙኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ እንጨት ከሆነም ወለሉን አይንካ።

ኮርኒስ ላይ

ክረምት ላይ ከቺፕውድ ከወጣ፣ የቆርቆሮው ሚስማር ላስቲክ ደርቋል ወይም አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል። የረጠበ ቺፕውድ አይድንም፤ ይቀየር። አጠገቡ አምፖል ካለ መብራቱን ከቆጣሪ ሳታጠፉ አትንኩት።

ጭቃ ግድግዳ

ጭዱን ነው የሚበላው። የጣሪያው ውሃ ግርጌውን እንዳይመታ አድርጉ፣ በቂ ነው።

የአበባ ማሰሮ

ሎሚማ ቢጫ የሆነችው ትንሽዬ እንጉዳይ ተክሉን አትጎዳም። ውሃ ቀንሱ። ትመርዛለችና ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቷት።

ግቢ ሳር ላይ

ከዝናብ በኋላ ትልቅ ነጭ ቆብ ያለው ሲወጣ ‹‹ይሄማ የሚበላው ነው›› የሚል ጎረቤት አይጠፋም። አትስሙት። ከነዚህ አንዱ ሲያረጅ ከቆቡ ስር ያለው ስንጥቅጥቅ አረንጓዴ ይሆናል፤ የበላውን ክፉኛ ያስመልሰዋል። መቀቀልም የብዙ እንጉዳይ መርዝ አያጠፋም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከበቀለ ከስሩ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ሊኖር ይችላል። ቆፍራችሁ አውጡት፣ ወይ ተበልቶ እስኪያልቅ ጥቂት ዓመት ታገሱ።