ደም ማነስ፦ ከእንክብሉ በፊት ቀዳዳውን መፈለግ

ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው «የደም ማነስ መድኃኒት አለ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ እኩል የተለመደ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ደም ማነስ ነው ወይስ ግፊት መውረድ?» ሁለቱ በአፋችን ተደባልቀዋል። ግፊቱ የወረደበት ሰው ከተቀመጠበት ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ችግሩም በግፊት መለኪያ ይታወቃል። ደም ማነስ ግን ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን መጉደሉ ነው፤ ያለ ደም ምርመራ አይረጋገጥም። ቢረጋገጥም ገና ነው። ጣሪያው ያፈሳል እንደማለት ነው፤ የትኛው ቆርቆሮ እንደተበሳ አልታወቀም።

ምልክት፦ የጅሬን አቀበት እንደ ድሮው አልወጣ አለ

ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይደልቃል፣ ራስ ይከብዳል፤ አንዳንዱን ሰው አፈር ያምረዋል። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርገው በመስተዋት ሲያዩት ውስጡ ነጥቶ ከሆነ ደም ማነሱ የጠና ሊሆን ይችላል። ቀይ ሆኖ መታየቱ ግን ነጻ አያወጣም።

መፍትሄው ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ ነው። ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ለወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር ከ11 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ከፍታውን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በከፍታ የሚኖር ሰው ደግሞ ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ይጨምራል። ውጤቷ 12.2 ሆኖ «ደህና ነሽ» የተባለች የጅማ ሴት፣ ከፍታው የጨመረው ሲቀነስ ከወሰኑ በታች ልትገኝ ትችላለች።

ወረቀቱ ላይ ኤምሲቪ ከ80 በታች ነው

ኤምሲቪ የቀይ ደም ሕዋስን አማካይ መጠን ይነግረናል። ከ80 ሲያንስ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ብረት ነው፤ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ከተገኘ ያረጋግጠዋል። ቀጣዩ ጥያቄ ብረቱ የት ሄደ የሚለው ነው።

አንዲት በሂርማታ ገበያ የምትነግድ ደንበኛ ለሦስተኛ ጊዜ የብረት እንክብል ልትገዛ መጣች። ስትውጥ ትንሽ ይሻላታል፣ ስታቆም ይመለስባታል። «እንዴት ነው የምትውጪው እኅቴ?» አልኳት። «እንዳይረሳኝ ብዬ ከአቦሉ ጋር ነው ዶክተር» አለችኝ። (እዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) ቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖሎች ብረቱን አንጀት ውስጥ ያስሩታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 የታተመ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቆ የተጠጣውም ያው ነበር፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ጉዳት አላሳየም። እኛ ደግሞ የምናፈላው ምግብ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ያውም እስከ በረካ።

ቡናውን ተዪ አላልኳትም፤ ጅማ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰማ የለም። እንክብሉን ማለዳ በባዶ ሆድ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር እንድትውጥ፣ ቡናውንም ሁለት ሰዓት ያህል እንድታርቅ ነገርኳት። የሰገራ ምርመራም እንድታደርግ ላክኋት፤ የመንጠቆ ትል ተገኘባት። ይህ ትል በባዶ እግር በኩል ከእርጥብ አፈር ይገባና አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። በአልበንዳዞል ይታከማል፤ ጫማ ካልተደረገ ግን ይመለሳል።

ሌሎቹ ቀዳዳዎች፦ ከሰባት ቀን የሚያልፍ ወይም የሚያጥለቀልቅ የወር አበባ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ ለጉልበት ሕመም በየቀኑ የሚዋጥ ዳይክሎፌናክ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅና የሚከረፋ ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት እንጂ ወደ እኔ አይምጡ። የብረት እንክብል ራሱ ሰገራን ያጠቁራል፤ ያ አያስደነግጥም። ወንድ ከሆኑ ወይም የወር አበባዎ ከቆመ፣ የብረት እጥረት የአንጀት ወይም የጨጓራ ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አይታለፍም።

ደም ይተካል የሚባለውን ቀይ ሥር በተመለከተ፦ ቀለሙ ደም ይመስላል እንጂ ብረቱ ጥቂት ነው። ጉበትና ሥጋ ይበልጡታል።

ኤምሲቪ ከ100 በላይ ነው፣ እግርም ይደነዝዛል

ቫይታሚን ቢ12 ወይም ፎሊክ አሲድ ጎድሎ ይሆናል። ሁዳዴን 55 ቀን መጾም ብቻውን ቢ12 አያስጨርስም፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል። ለረጅም ጊዜ ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ግን ይጠርጠር። ቢ12 ሳይታይ ፎሊክ አሲድ ብቻ መዋጥ አደገኛ ነው፤ ደሙን ያስተካክልና የነርቭ ጉዳቱ ተደብቆ ይቀጥላል።

ኤምሲቪ መካከል ላይ ነው

በቅርቡ የፈሰሰ ደም፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የቆየ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ብረትም ቢ12ም አብረው ሲጎድሉ ትንሹና ትልቁ ሕዋስ ተጣፍተው አማካዩ ደህና ይመስላል፤ ስለዚህ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ።

ትኩሳት አለ፣ ዓይን ቢጫ ሆኗል፣ ሽንት እንደ ኮካ ጠቁሯል

ቀይ ሕዋሳት እየፈረሱ ነው። ከጊልጌል ጊቤ ግድብ አካባቢ ለመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ፕሪማኩዊን የተባለውን የወባ መድኃኒት ጀምሮ ሽንቱ የጠቆረ ሰው መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎች ደማቸው ይፈርስባቸዋል። እዚህ ላይ የብረት እንክብል ምንም አይፈይድም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

እንክብሉ ተጀምሯል፣ ለውጥ የለም

ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ሄሞግሎቢን ከ1 እስከ 2 ግራም መጨመር አለበት። ካልጨመረ በቅደም ተከተል ይጠይቁ፦ በትክክል ተውጧል? ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ርቋል? ደሙ አሁንም እየፈሰሰ ነው? ወይስ ከመጀመሪያውም ብረት አልነበረም የጎደለው? ሆድ ካስቸገረ አንድ ቀን እያለፉ መዋጥም ይሠራል። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥሉ፤ ጎተራው ገና አልሞላም። እንክብሉን ልጆች እንዳያገኙት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ከረሜላ መስሏቸው ጥቂት ቢውጡ ሊገድላቸው ይችላል።