በሲ ኤንድ ኦ ካናል መንገድ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ይህን መንገድ ቢያንስ በስም ሳያውቀው አይቀርም። ሙሉ ስሙ ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ ካናል ነው፤ ካናል ማለት ለጀልባ የተቆፈረ ቦይ ነው፣ መንገዱም የቦዩን ዳር ይዞ ይሄዳል። ከጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ ሜሪላንድ ውስጥ እስከ ከምበርላንድ ይዘልቃል። 184.5 ማይል ነው፤ ወደ 297 ኪሎ ሜትር። ድሮ በቅሎዎች በቦዩ ዳር እየሄዱ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን በገመድ ይጎትቱበት ነበር። ዛሬ የእግረኛና የብስክሌተኛ ነው። ሜዳ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል።

የመጀመሪያው ስህተትም ይኸው ነው። እስከ ከምበርላንድ ድረስ መንገዱ የሚወጣው በድምሩ 605 ጫማ ብቻ ነው። ዳገት የለም ማለት ይቻላል። ግን ቁልቁለትም የለም፤ ፔዳል መምታት ሲያቆሙ ብስክሌቱም ይቆማል። ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ ፏፏቴ 14 ማይል ገደማ ነው። ጀማሪው እየተዝናና ይሄድና፣ መመለሻው ሌላ 14 ማይል መሆኑ ትዝ የሚለው ፏፏቴው ጋ ደርሶ ነው።

በቀጭን ጎማ መምጣት ሌላው ነው። መንገዱ ጠጠር፣ አፈርና የዛፍ ሥር ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ጭቃ። ሰፋ ያለ ጎማ፣ ፓምፕና ትርፍ ከመነዳሪ ይያዙ። አስፋልት ካማረዎት ከጆርጅታውን ወደ ቤተስዳ የሚሄደው ካፒታል ክሬሰንት ትሬይል እዚያው ጎን አለልዎት።

ተደርድሮ መሄድ። ይሄ የእኛ ነው፣ አንካድ። አራት ሆነን ጎን ለጎን፣ ወሬው ደርቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ። ከኋላ ደወል ሲሰማ ደግሞ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ይበተናል። ቀኝ ይዞ መሄድ ነው፣ በቃ። ብስክሌተኛም ቢሆን ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት አለበት፤ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 15 ማይል ነው።

ውሃ አለመያዝም አለ። ከከተማ ራቅ ሲሉ ድንኳን መትከያ ቦታዎቹ ጋ የእጅ ፓምፕ ያገኛሉ፣ በብርዱ ወራት ግን ይዘጋሉ። የቆሻሻ መጣያም አይፈልጉ። የሳምቡሳውን ወረቀት ይዘው መመለስ ነው።

ወንዙን ማመን ግን ቀልድ አይደለም። ቦዩ የረጋ ነው፤ አጠገቡ ያለው ፖቶማክ ግን ግሬት ፎልስ አካባቢ ላዩ ጸጥ ያለ ቢመስልም ከሥሩ ይጎትታል። ሰው ይበላል። እግር ነከር ማድረግም ክልክል ነው፤ በተለይ ልጆች የያዘ ሰው ይጠንቀቅ።

እኔን የሚቆጨኝ ሳያዩ ማለፍ ነው። ሲሄዱ ድንገት አጭር አቀበት ካጋጠመዎት ሎክ ደርሰዋል ማለት ነው። ጀልባው በድንጋይ በተገነባው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ይለቀቅበትና ወደ 8 ጫማ ያህል ከፍ ይል ነበር። እንዲህ ዓይነት 74 ሎኮች አሉ። ቆም ብለው ይዩት እንጂ። የቦዩ ሥራ የተጀመረው በፈረንጆቹ ጁላይ 4 ቀን 1828 ነው፤ ተፎካካሪው የባቡር ሐዲድም በዚያው ቀን ነው የተጀመረው። ቦዩ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ሲሆን ባቡሩ በ1842 ቀድሞታል። ስሙ ውስጥ ኦሃዮ ቢኖርም እዚያ አልደረሰም። የ1924ቱ ጎርፍ አገልግሎቱን አበቃለት። በ1954 መኪና መንገድ ሊሠራበት ሲታሰብ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ጋዜጠኞችን አስከትለው ርዝመቱን በእግር ተጓዙ። በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

ራቅ ብለው የሚሄዱ ደግሞ ቦዩና መንገዱ ተራራ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፉበት ፖ ፖ ዋሻ ያለ ባትሪ አይግቡ። 3,118 ጫማ ነው፤ ከ1836 እስከ 1850 ነው የፈጀው። መሃሉ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ ከብስክሌት ወርደው ይግፉ። የመደገፊያውን እንጨት በባትሪ ካዩት የጀልባ ገመድ የፈገፈገው ቦታ ይታያል።

ከከምበርላንድ በባቡር ለመመለስ ካሰቡ፣ ከራስዎ ትኬት ጋር ለብስክሌቱም ቦታ አስቀድመው ይያዙ።