የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልን ታሪክ ሲጽፉ፦ ከዓመተ ምሕረቱ ይጀምሩ

ስለ ሆቴሉ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚሰናከለው ዓመቱ ላይ ነው። አንዱ ጽሑፍ 1898 ይላል፣ ሌላው 1907። 1898 በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጆቹ 1905/06 ነው፤ 1907 የፈረንጆቹ ከሆነ ደግሞ በእኛ 1899/1900። የዘጠኝ ዓመት የሚመስለው ልዩነት ወደ አንድና ሁለት ዓመት ይወርዳል፤ ያም ግንባታና ምረቃ ሊሆን ይችላል። 1898ን እንዳለ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የገለበጠ ግን ሆቴሉን ቢያንስ ሰባት ዓመት አስረጀው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ይደምሩ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት በእዝባር (/) ለይተው ይጻፉ እንጂ አይገምቱ። በማስታወሻ ደብተርዎ ለሰነዱ የራሱ ቀን አንድ ዓምድ፣ ለቀየሩት ቀን ሌላ ይስጡ።

ሁለተኛው ስሕተት ፍልውሃን ከሆቴሉ ጋር ማምታታት ነው። እቴጌዋ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ ይታጠቡ ስለነበር አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እዚያ መቆርቆሯ እውነት ነው። ሆቴሉ ግን ከፍ ብሎ አራዳ፣ ገበያውና ጊዮርጊስ አጠገብ ነው የተሠራው። የፍልውሃ ጎረቤት ሆቴል የሚፈልግ ስለ ግዮን ይጻፍ።

ፖስታ ካርድ ሲያገኙ ጽሑፉን ያንብቡ። «ፒያሳ» የሚል ካለ ጽሑፉ ከጣሊያን ወረራ (1928–1933) ወዲህ ነው፤ ፎቶው ግን ሊቀድም ስለሚችል ማኅተሙንም ይዩ። የሆቴሉን ጣውላና ደረጃ «ነባር» ከማለትዎ በፊት ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከደረሰው ቃጠሎ በፊት በተነሣ ፎቶ ያመሳክሩ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል።

የባለቤትነት ወረቀት ፍለጋ ላይ አዋጅ ቁጥር 47/1967ን ያስታውሱ፦ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ስለሆነ የግል ሰነዱ እዚያ ላይ ይቋረጣል። ከዚያ በፊት ያለውን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን) እና ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይጠይቁ፤ እርሳስ ይዘው ይግቡ፣ እስክሪብቶ ብራና አጠገብ አይወደድም።

አዛውንት ሲጠይቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አይበሉ። «ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ አባባ?» ቢሉ ይሻላል። ግርግሩ፣ ማለትም በንጉሡ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት፣ 1953 ስለሆነ መልሱን ከዚያ ይቆጥሩታል።