የራስ ቁርን በልክ ስለማስተካከል

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ወታደር በአንድ ቀን ጉዞ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ውርጭ ወጥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደሚገኘው ቆላ ይደርሳል፤ ጠዋት ተራራው ላይ ጥብቅ ብሎ የተቀመጠለት ቁርም ከሰዓት በኋላ በላብ በራሰ ግንባሩ ላይ ሲንሸራተት ያገኘዋል። ስለዚህ የጋንታ መሪዎች ቁሩን ከመጋዘን በወጣበት ዕለት ብቻ አስሞክረው ሊተዉት አይገባም፤ የአየሩና የትጥቁ ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ሊያዩት ይገባል።

አስቀድሞ ቁሩ ከምን እንደሚያድን ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1915 ለወታደሮቻቸው የብረት ቁር ማደል የጀመሩት የመድፍ ፍንጣሪ ብዙ ሰው ከራሱ ላይ እየመታ ስለፈጀባቸው ነው፤ ዛሬም የቁር ዋና ሥራ ፍንጣሪን መመከት ነው። ኬቭላር ከሚባለው ጠንካራ ክር የሚሠራው የዘመኑ ቁር በሰከንድ 430 ሜትር ገደማ በሚበር የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ጥይት ይፈተናል። የክላሽ ጥይት ግን ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይበራል፤ ቁር ደፍቻለሁ ብሎ በክላሽ ፊት ቀና የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

ብዙዎች ልብ የማይሉት ነገር በቁሩና በራስ ቅሉ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ቁሩ ጥይቱን ቢያቆመውም የተመታው ቦታ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ያ ጉድጓድ የራስ ቅሉን ካገኘው ጥይቱ ሳይገባ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ውስጡ የሚለጠፉት ስፖንጆች 19 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ኖሯቸው የሚሠሩትም ለምቾት ብቻ ሳይሆን ይህን ርቀት ለመጠበቅ ነው። ጠበበኝ ብሎ ስፖንጅ ነቅሎ የሚጥል ወታደር የቁሩን ግማሽ ሥራ ጥሎታል፤ የጠበበው ሰው ሰፋ ያለ ቁር ይቀየርለት እንጂ ስፖንጁ አይነቀልም።

ልኩ የሚወሰደው በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ሜትሩ ከቅንድብ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ አልፎ፣ ከኋላ ጎላ ብሎ በወጣው የራስ ክፍል ላይ ይዞራል። ዙሪያው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሁለት ሰዎች እኩል 57 ሴንቲሜትር ቢለኩም የአንዱ ራስ ክብ፣ የሌላው ሾጠጥ ያለ ሊሆን ስለሚችል ከግንባር እስከ ኋላ ያለው ርዝመትና ከጆሮ በላይ ያለው ስፋትም መለካት አለበት። ዳዊት የሳኦልን የናስ ቁር ስላልለመደው አውልቆ ሄደ፤ የዛሬ ወታደር እንዲህ ያለ ምርጫ ስለሌለው ቢያንስ ልኩን ይጠይቅ።

ቁሩ ሲደፋ የፊቱ ጠርዝ ከቅንድብ በላይ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል። ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መድፋት ለፎቶ ያምር ይሆናል፤ ግንባርን ግን ያጋልጣል። የአገጭ ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ ወታደሩ ራሱን ወደ ጎንና ወደ ላይ ወደ ታች ይነቅንቅ፤ ቁሩ ከራሱ ጋር አብሮ መንቀሳቀስ እንጂ ብቻውን መዞር የለበትም። አሥር ደቂቃ ያህል ደፍቶ ከቆየ በኋላ ሲያወልቀው ግንባሩ ላይ የቀላ ምልክት ካለ፣ እዚያ ያለው ስፖንጅ ቦታው ይቀየራል። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ጥይት መከላከያ ሰደርያውን ለብሶ በደረቱ ተኝቶ ማነጣጠር ነው፤ የሰደርያው አንገትጌ ቁሩን ከኋላ እየገፋ ዓይን ላይ የሚደፋው በዚህ ጊዜ ነውና ቆሞ ብቻ የተሞከረ ቁር እንደተሞከረ አይቆጠርም።

በብርድ ስፖንጁ ይደነድናል። በደብረ ብርሃን ሌሊት ውጭ ያደረ ቁር ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ስለሚገኝ ከመደፋቱ በፊት ካፖርት ውስጥ ገብቶ ቢሞቅ ጥሩ ነው። ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ኮፍያ ከሥሩ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ልኩን ከነኮፍያው ይለካ፤ ያለበለዚያ ቁሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥና የጆሮ ግንዱንና ማጅራቱን ያጋልጣል። ለእኔ ስስ ኮፍያ ይሻላል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስም ወልቆ በኪስ ይያዛል፤ ማሰሪያውም እንደገና ይጠብቃል።

አያያዙን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ በለበሰው የአሜሪካ የብረት ቁር ዘመን ውስጡን አውጥቶ ውሃ መቅዳትና ፊት መታጠብ ይቻል ነበር። የኬቭላሩ ቁር እንዲህ አይደለም፤ እሳት ላይ አይጣድም፣ አይበሳም፣ መቀመጫም አይሆንም። ጠርዙ ላይ ንብርብሩ የተላጠ ወይም አንድ ጊዜ በጥይት የተመታ ቁር፣ ከውጭ ሲታይ ደህና ቢመስልም፣ ለንብረት ክፍል ተመላሽ ተደርጎ በሌላ ይተካል።