የአንገት መስቀላችሁ ጣዖት ሆኖባችሁ እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?

አንድ ቀን የአንገት መስቀሌን ረስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ ክው አልኩ። ዛሬ የሆነ ነገር ይገጥመኛል የሚል ፍርሃት ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። በዚያ ጠዋት ጸሎት እንዳላደረስኩ ግን ትዝ ያለኝ ማታ ነው፤ እሱ ደግሞ ያን ያህል አላስደነገጠኝም ነበር። ይሄ ነገር ዛሬም ድረስ ይከነክነኛል።

ስለዚህ "መስቀል ማድረግ፣ ሥዕል ቤት ውስጥ ማድረግ ይፈቀዳል ወይ?" ብላችሁ ክርክር ከመግጠማችሁ በፊት ራሳችሁን ፈትሹ።

መጀመሪያ ትእዛዙን ሙሉውን አንብቡት። ብዙ ሰው ዘጸአት 20፥4 ላይ የተቀረጸ ምስል አታድርግ የሚለው ጋ ይቆማል። ቁጥር 5 ስለ መስገድና ስለ ማምለክ ይቀጥላል። እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 25 ላይ ደግሞ በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት የወርቅ ኪሩቤል እንዲሠሩ ያዘዘው ራሱ እግዚአብሔር ነው። ሁለቱን አብራችሁ ካላነበባችሁ ወደ አንዱ ጥግ ትሄዳላችሁ።

ቀጥሎ የናሱን እባብ ታሪክ ተከታተሉ፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ ነገሩን የሚገልጠው እሱ ነው። ሕዝቡ በእባብ እየተነደፈ ሲሞት ሙሴ ታዝዞ ሠራው፣ የተነደፈ ሰው እሱን አይቶ ይድን ነበር (ዘኁልቁ 21)። ክርስቶስም ስለ ራሱ መሰቀል ሲናገር ይህን እባብ ጠቅሷል (ዮሐንስ 3፥14)። ግን በመሀል ምን ሆነ? ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሕዝቡ ያጥንለት ጀመር፣ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው (2ኛ ነገሥት 18፥4)። እባቡ ያው እባብ ነው። የሰዉ ልብ ግን ሌላ ሆኗል።

እንግዲህ የእናንተንስ በምን ታውቁታላችሁ? እቃው ቢጠፋ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡ። ማዘን ያለ ነው፣ የእናት ማስታወሻ ሲጠፋም ይታዘናል። ጥበቃዬ አብሮ ጠፋ ብላችሁ ከፈራችሁ ግን እዚያ ጋ ቆም በሉ። መስቀሉን አድርጋችሁ ክፉ ለመሥራት ድፍረት ካገኛችሁም ያው ነው። እስራኤል ታቦቱን ይዘን ከወጣን እናሸንፋለን ብለው ከፍልስጥኤማውያን ጋር ሲዋጉ ሠላሳ ሺህ እግረኛ ወደቀባቸው፣ ታቦቱም ተማረከ (1ኛ ሳሙኤል 4)። ንስሐ ሳይገቡ እቃውን ብቻ ይዘው ነበር የወጡት።

ሥዕል ፊት የምትጸልዩ ከሆነ ደግሞ ልመናችሁ ወደ ማን እንደሚሄድ በግልጽ ለራሳችሁ ንገሩት። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በቢዛንታይን ማለትም በምሥራቁ የሮም መንግሥት ዘመን ሥዕል እስከ መሰባበር አድርሷል፣ እ.ኤ.አ. በ787 የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤም የአክብሮት ስግደትን ለእግዚአብሔር ብቻ ከሚገባው የአምልኮ ስግደት ለየ። በኋላ የተነሡ ብዙ ፕሮቴስታንቶች ይህን ልዩነት አልተቀበሉም። የየትኛውም ወገን ብትሆኑ ልዩነቱ በእናንተ ልብ ውስጥ በእርግጥ አለ ወይ? ይህን ማንም ጉባኤ አይመልስላችሁም።

ቤቴ ባዶ ነው፣ ሥዕልም መስቀልም የለኝ የምትሉም አትለፉት። ቆላስይስ 3፥5 መጎምጀትን ጣዖት ማምለክ ይለዋል፤ ስለዚህ የባንክ ሒሳባችሁን ስታዩ ብቻ የምትረጋጉ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተም ነው።

ችግሩን ካገኛችሁት ወዲያው ለመጣል አትቸኩሉ፣ የሌላ ሰውማ በፍጹም አትንኩ፤ ሕዝቅያስ ንጉሥ ነበር፣ እኛ በጎረቤታችን ቤት ንጉሥ አይደለንም። ለተወሰነ ቀን ብቻ አስቀምጡትና ያለ እሱ ጸልዩ። የንስሐ አባት ወይም መጋቢ ካላችሁ አማክሩ።

እኔ ለአንድ ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እጄ በየደቂቃው ወደ አንገቴ ይሄድ ነበር። ከዚያ ጠዋት ጠዋት መጸለይ ጀመርኩ፣ ሳምንቱ ሲያልቅም መልሼ አጠለቅሁት። ባለፈው ደግሞ እንደገና ረስቼው ወጣሁ። ማታ ልብሴን ሳወልቅ ነው ያወቅሁት።