ልጃችሁን ወደ ጥርስ ሐኪም ከመውሰዳችሁ በፊት

ልጅ ሲያስቸግር «ዝም በል፣ አለበለዚያ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል!» የምንል ወላጆች እዚህ ባሕር ዳርም ብዙ ነን። እባካችሁ ይህን እንተው። ልጁ ጥርሱን ታሞ ሲሄድ የሚጠብቀው ያው ስናስፈራራበት የኖርነው ሰው ነው።

ቀጠሮ ካላችሁ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ቤት ውስጥ አለማምዱት። ልጁን አስተኝታችሁ ራሱን ጭናችሁ ላይ አሳርፉ፤ በሻይ ማንኪያ ጀርባ ጉንጩን ገለጥ እያደረጋችሁ ጥርሶቹን ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። የወተት ጥርሶች ሲሟሉ 20 ናቸው። ከዚያ ተራውን ስጡትና እሱ ደግሞ የእናንተን ይቁጠር፤ ይህን ክፍል በጣም ይወዱታል። የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት «መንገር፣ ማሳየት፣ መሥራት» የተባለው ዘዴም ከዚህ አይርቅም፦ መጀመሪያ ልጁ በሚገባው ቃል ይነግሩታል፣ ቀጥሎ መሣሪያውን በጣቱ ላይ ያሳዩታል፣ አፉን የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ከቸኮለ፣ እንዲያሳየው በትሕትና ጠይቁ።

«ምንም አያምህም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። ካመመው ዳግመኛ አያምናችሁም። ይልቁንም «ከከበደህ እጅህን አንሣ፣ ሐኪሙ ያቆማል» በሉት፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተስማሙ። ልጁ እጁን ሲያነሣ በእውነት መቆም አለበት።

ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱና እንቅልፉ ሕፃን ያነጫንጫል። ሲጨርስ ከረሜላ አትግዙለት። ጣና ዳር ውሰዱትና የደንገል ታንኳዎቹን ይቁጠር።