ሰንሩፉ ውሃ ሲያስገባ እኔን የገላገለኝ
ለባለቤቴ ስጦታ ያገለገለች ኮሮላ ገዛሁ። ምኞቷ ጣሪያዋ ሙሉ በሙሉ የሚታጠፍ መኪና ነበር፤ አቅማችን ሰንሩፍ (ጣሪያው ላይ የሚከፈት መስታወት) ላይ ቆመ። ሐምሌ ሲገባ፣ የባሕር ዳርን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ከጋቢናው ተሳፋሪ እግር ሥር ምንጣፉ ራሰ። ሲጨመቅ ውሃ ይወርደዋል፤ ጠዋት በር ሲከፈት ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል።

መጀመሪያ የመስታወቱን ዙሪያ በሲልከን አሸግኩ። ያው ነው። የመስታወቱን ዙሪያ ማሸጊያ ጎማ ቀየርኩ፤ ገንዘቤን በላ እንጂ ለውጥ የለም።

ለካ ጎማው ውሃን ጨርሶ እንዲያግድ አልተሠራም፤ ያለፈውን ከሥር ያለ ቦይ ይቀበለውና ከማዕዘኖቹ በሚነሱ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ መሬት ያፈሰዋል። ሰንሩፉን ከፍቼ በሲኒ ውሃ ማዕዘኖቹ ላይ ጠብ ጠብ አደረግኩ። የግራው ከመኪናው ሥር ወረደ። የቀኙ ቆመ።

ጣና ዳር አሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን ወፍራም ናይለን ገዝቼ፣ ቱቦውን እንዳይበሳ የናይለኑን ጫፍ በላይተር ድቡልቡል አድርጌ ቀስ እያልኩ ሰደድኩት። ጥቁር ጭቃና የጃካራንዳ ቅጠል ዘረገፈ። በኮምፕሬሰር አየር ግን አትንፉት፤ ቱቦው ከውስጥ ከተነቀለ የመኪናውን ኮርኒስ ማውረድ ሊመጣ ነው።

ምንጣፉን አንስቼ 2 ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሰንሩፍ ያላት መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በሲኒ ውሃ ሞክሩት።